ንድፉ ሄደ፣ ኖራው ቀረ፦ የኢየሱሳውያን አብያተ ክርስቲያናት የግንባታ ታሪክ በጎርጎራና በመርጡለ ማርያም

መግቢያ

የቦረናና የአማራ ሳይንት ደጋ በምዕራብ በኩል በዓባይ ሸለቆ ይቆረጣል። ከሸለቆው ማዶ በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር፣ የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ገዳም ይገኛል። በግቢው ውስጥ በአበባና በሐረግ ቅርጽ የተጠረበ ድንጋይ የተደረደረበት የፈረሰ ግንብ አለ። ይህ ፍርስራሽ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ከሚገኘው የጎርጎራው ማርያም ግንብ ጋር አንድ ታሪክ ይጋራል። ሁለቱም በ17ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የኢየሱስ ማኅበር አባላት የሆኑ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የተሳተፉባቸው የአምልኮ ሕንጻዎች ናቸው።

ስለ እነዚህ ሕንጻዎች በሰፊው የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ እስፓኛዊ ካህን ከባሕር ማዶ መጥቶ የድንጋይ ግንባታን አስተማረ፤ ከእርሱም የጎንደር ቤተ መንግሥቶች ተወለዱ ይባላል። አባባሉ ለማስታወስ ቀላል ቢሆንም የግንባታውን ቅደም ተከተል ያዛባል፤ የሕንጻዎቹንም ትክክለኛ ባለቤቶች ይሰውራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የግንባታውን ሂደት በደረጃ ከፍሎ ማብራራት ነው። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው፦ ኢየሱሳውያን የገነቧቸው አብያተ ክርስቲያናት የሦስት እጆች ውጤት ናቸው፤ እነርሱም የአገሬው ድንጋይና ጉልበት፣ ከህንድ የመጣ የኖራ ዕውቀት እና የሚሲዮናውያኑ ንድፍ ናቸው። ከሦስቱ መካከል በ1632 የተባረረው ንድፉ ብቻ ነው፤ ኖራው ግን ቀርቶ የጎንደር ዘመን ግንባታ መሠረት ሆኗል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከሚሲዮናውያኑ በፊት፦ በዓባይ ግራና ቀኝ

ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1557 በጳጳስ አንድሬስ ዴ ኦቪዬዶ መሪነት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ምዕተ ዓመት በዓባይ ግራና ቀኝ የነገሥታት አብያተ ክርስቲያናት ግንባታ ደርቶ ነበር። በዛሬው ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቀድሞው የአማራ ግዛት፣ ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) አትሮንሰ ማርያምን አሠሩ። መካነ ሥላሴን ደግሞ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ መጽሐፉ ስለ አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ሰፊ መግለጫ ትቷል። የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂምን ዘመቻ የሚተርከው ፉቱሕ አል ሐበሻም በ1531 ስለተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት ሀብትና ጌጥ በአድናቆት ይናገራል። ሁለቱ ምንጮች በእምነትም በዓላማም ተቃራኒ ናቸው። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ በዚህ ደጋ ላይ ከፍተኛ የግንባታና የጌጥ ጥበብ ነበረ።

መርጡለ ማርያም የዚሁ ዘመን ልጅ ናት። ስሟ የማርያም አዳራሽ ማለት ነው። የገዳሟ ትውፊት ጅማሬዋን እስከ አክሱም ዘመን ወደ ኋላ ይወስደዋል። በጽሑፍ ምንጮች በግልጽ የምትታወቀው ግን የ16ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ታላቅ ሴት ከነበሩት ከንግሥት እሌኒ ጋር በተያያዘ ነው። እሌኒ የሐድያ ተወላጅ ሲሆኑ ልብነ ድንግል ሕፃን ሳሉ መንግሥቱን በእንደራሴነት የመሩ ናቸው። ጎጃም ውስጥ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በወርቅ ያጌጠ መንበር እንደነበረው በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ይህ ሕንጻም በኢማም አህመድ ዘመን ጥፋት ደርሶበታል። ሆኖም የተጠረበው ድንጋይ አልጠፋም፤ በወደቀበት ቆይቶ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ለሌላ ግንባታ ውሏል።

ይህ ቅድመ ታሪክ ከአንድ የተለመደ ስሕተት ይጠብቃል። ኢየሱሳውያን የደረሱት ድንጋይ መጥረብ ወደማይታወቅበት አገር አልነበረም። የአክሱም ሐውልቶችና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት አገር እንዲህ ያለው አባባል ከመነሻው አይቆምም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ግንባታን ማን አስተማረ ሳይሆን በ1603 እና በ1632 መካከል በነባሩ ጥበብ ላይ ምን ተጨመረ የሚለው ነው።

የጭቃው ዘመን፦ ከ1603 እስከ 1621

ፓኤዝ በየመን ሰባት ዓመታት ያህል በምርኮ ከቆየና በኋላም ወደ ህንድ ከተመለሰ በኋላ በ1603 በአድዋ አቅራቢያ ወደነበረው የፍሬሞና ሚሲዮን ደረሰ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1607 ሥልጣን ሲይዙ ሚሲዮናውያኑ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይበልጥ ቀረቡ፤ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራም መሬት ተሰጣቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በጎርጎራ ልሳነ ምድር ላይ በከተሙ ጊዜ በ1614 አካባቢ ፓኤዝ ቤተ መንግሥት ሠራላቸው።

ይህ ሕንጻ ባለ ሁለት ደርብ ነበር። የማኑኤል ዴ አልሜይዳን ታሪክ አሳጥሮ በ1660 ያሳተመው ባልታዛር ቴሌዝ ሕዝቡ ሕንጻውን ቤት ላይ ቤት እያለ ይጠራው እንደነበር ጽፏል። በላቲን ፊደል ተዛብቶ የተጻፈው ይህ የአማርኛ ሐረግ ከሕንጻው ራሱ በላይ ዕድሜ አግኝቷል። ሐረጉ የሚገልጸው የተመልካቹን አድናቆት ነው፤ አድናቆቱም በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በደርቡ ላይ ነው። የዘመኑ ነገሥታት በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ የሚኖሩ ስለነበሩ የንጉሥ መኖሪያ ከፎቅ ላይ መሆኑ እንግዳ ነገር ነበር።

ከቴሌዝ ትረካ ሌላም ቁም ነገር ይገኛል። ፓኤዝ መዶሻውን፣ መሮውንና ሌላውን መሣሪያ እያሠራ፣ በእጁም እየያዘ እንዴት እንደሚሠራበት ለሠራተኞቹ እንዳሳየ ይናገራል። ትረካው የተጻፈው ፓኤዝን ለማወደስ ነው። በጥንቃቄ ሲነበብ ግን የሥራ ክፍፍሉን ይገልጣል፤ ካህኑ አንድ ነው፣ ቆፋሪው፣ ጠራቢው፣ አናጺውና አንጥረኛው ግን ብዙ ናቸው። ስማቸው አልተመዘገበም። በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት በደንቀዝ፣ በአዘዞና በጎንደር ለተነሡት ግንቦች የሚያስፈልገው የሰለጠነ እጅ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚገኘው በእነዚህ ስም አልባ ሠራተኞች ዘንድ ነው። በጎንደር ዘመን የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች የነበራቸው ድርሻ በታሪክ ጥናት የታወቀ መሆኑም ይህንኑ ያጠናክራል።

በዚህ የመጀመሪያ ደረጃ የድንጋዩ ማያያዣ ጭቃ ነበር። ጭቃ በደረቅ ጊዜ ድንጋይን አጣጥሞ ይይዛል፤ በአክሱም ዘመን የተሠሩት ሕንጻዎችም በአብዛኛው በጭቃ የተያያዙ ነበሩ። በጣና ዙሪያ ለወራት በሚዘንበው ክረምት ግን ውሃ ወደ ግንቡ ልብ ሲገባ ጭቃው ይሟሟል። ስለዚህ የጭቃ ግንብ ሰፊ ክዳን፣ ወፍራም ግድግዳና የማያቋርጥ ጥገና ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ በጭቃ ብቻ ሰፊ የድንጋይ ቅስት ጣሪያ መሥራት እጅግ አዳጋች ነው። ፓኤዝ በግንቦት 1622 በጎርጎራ ሲያርፍ ስሙ የተያያዘባቸው ሕንጻዎች የዚህ ዘመን ሥራዎች ነበሩ።

የኖራው መምጣት

ለውጡ የመጣው በ1621 አካባቢ ነው። አልሜይዳ እንደሚተርከው ከህንድ የመጣ አንድ ሰው ቀለል ያለ፣ ምስጥ የበላው የሚመስል ድንጋይ በኢትዮጵያ አገኘ። እንዲህ ያለው ድንጋይ በካምባያ፣ ማለትም በዛሬው ጉጃራት፣ ተቃጥሎ ኖራ ሲሆን አይቶ ነበር። ገለጻው ከምንጭ ውሃ የሚፈጠረውን፣ ቀዳዳ የበዛበትን የኖራ ድንጋይ ይመስላል። የጣና ዙሪያና የጎንደር ምድር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ማግኘት የሚያውቅ ዓይን ይጠይቃል። በአንጻሩ የዓባይ ሸለቆ ግድግዳዎች ወፍራም የኖራ ድንጋይ ንጣፎችን ያሳያሉ።

የኖራ አሠራር ለመረዳት ቀላል፣ ለመፈጸም ግን አድካሚ ነው። ድንጋዩ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የቀረው ነገር ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ከዚያም ይልማል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይ መካከል ሲገባ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ለዚህ ሁሉ ብዙ የማገዶ እንጨት፣ በርካታ የጭነት እንስሳት፣ የእሳቱን መጠን የሚያውቅ ባለሙያና ትዕግሥት ያስፈልጋሉ። ስለሆነም ኖራ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥልጣንም ጉዳይ ነበር። ያን ያህል እንጨትና ጉልበት ማዘዝ የሚችለው ቤተ መንግሥቱ ወይም በቤተ መንግሥቱ የሚደገፍ ተቋም ነው።

በግንባታ ረገድ ኖራ ሦስት ነገሮችን አስቻለ። አንደኛ፣ ቅስትና የበርሜል ግማሽ የሚመስል የድንጋይ ጣሪያ ተቻለ። ሁለተኛ፣ ግድግዳው ተለስኖ ዝናብን መቋቋም ጀመረ። ሦስተኛ፣ ውሃ የሚይዙ ግንቦች፣ ማለትም ገንዳዎችና የድልድይ እግሮች፣ ሊሠሩ ቻሉ። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ የተሠራው በዚሁ በሱስንዮስ ዘመን ነው። ስለ ደንቀዝ ቤተ መንግሥት የሚናገሩት የዘመኑ ምንጮችም ከህንድና ከግብፅ የመጡ ባለሙያዎች በሥራው መሳተፋቸውን ይጠቅሳሉ። ስለዚህ ኖራው ከአውሮፓ ሳይሆን በህንድ ውቅያኖስ የንግድና የሃይማኖት መስመር የመጣ ጥበብ ነው። ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው የሚመጡት ከጎዋና ከዲዩ በመሆኑ በመስመሩ ላይ አስተላላፊ ነበሩ።

ንድፉ፦ ማርያም ግንብ በጎርጎራ

ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በየካቲት 1626 በደንቀዝ በተደረገው ሥነ ሥርዓት ንጉሠ ነገሥቱ ለሮማው ሊቀ ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚህ በኋላ የነበሩት ስድስት ዓመታት የኢየሱሳውያን ግንባታ ከፍተኛው ጊዜ ናቸው። በጎርጎራ ልሳነ ምድር ላይ ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየው የማርያም ግንብ ቤተ ክርስቲያን የዚህ ዘመን ሥራ ነው። ፓኤዝ ከሞተ በኋላ የተሠራ ስለሆነ ሕንጻውን ለእርሱ መስጠት የዘመን ስሕተት ነው።

ሕንጻው ከጥርብ ድንጋይና ከኖራ የተሠራ፣ ርዝመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ አንድ ዋና አዳራሽ ያለው ነው። በመሠዊያው በኩል የነበረው ቅስት ጣሪያ በአራት ማዕዘን ክፍልፋዮች ተከፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ የአበባ ቅርጽ ተጠርቦበታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የሚሲዮናውያኑ መኖሪያ ክፍሎች ተያይዘዋል። በማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ በቪክቶር ፈርናንዴዝ የተመራው የአርኪዮሎጂ ቡድን ከ2006 ጀምሮ በጎርጎራ፣ በአዘዞ፣ በደንቀዝና በሌሎች የሚሲዮን ቦታዎች ጥናት አድርጎ ውጤቱን በ2017 በመጽሐፍ አሳትሟል። የሕንጻዎቹ ጌጥ ከፖርቱጋል ብቻ ሳይሆን በፖርቱጋሎች ሥር ከነበረው የህንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ጋርም መዛመዱ ከዚህ ጥናት ከሚነሡት ዐበይት ጉዳዮች አንዱ ነው።

የንድፉ ትርጉም የሚገባው ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር ነው። አራት ማዕዘንነቱ በራሱ እንግዳ አልነበረም፤ የአክሱምና የላሊበላ ዘመን አብያተ ክርስቲያናትም አራት ማዕዘን ናቸው። እንግዳ የነበረው የውስጡ አከፋፈል ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆነ አራት ማዕዘን በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ይከፈላል። ታቦቱ በመንበሩ ላይ ከመጋረጃ በስተጀርባ ይኖራል፤ ከካህናት በቀር ወደዚያ የሚገባ የለም። ከትሬንት ጉባኤ በኋላ የተስፋፋው የኢየሱሳውያን ንድፍ፣ በሮም ባለው በ1584 በተቀደሰው የጄዙ ቤተ ክርስቲያን እንደሚታየው፣ ተቃራኒውን ይፈልጋል። አዳራሹ አንድ ነው፤ መሠዊያው ከበሩ ጀምሮ ለሁሉም ይታያል፤ የሰባኪው ድምፅ ያለ ግርዶሽ ይሰማል።

በመሆኑም ንድፉ የግንበኛ ምርጫ ብቻ አልነበረም። የማይታየውን ምሥጢር ወደሚታይ ሥርዓት የሚለውጥ፣ ታቦቱን ከማዕከል የሚያወጣ ሐሳብ ነበር። በሜንዴዝ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት እንደ አዲስ እንዲባረኩ፣ ካህናት እንደገና እንዲካኑ፣ ምእመናንም ዳግም እንዲጠመቁ መጠየቁ በሕዝቡ ዘንድ የፈጠረው ቁጣ የታወቀ ነው። ሕንጻው የዚያው ጥያቄ የድንጋይ መልክ ነበር። አንድ ምእመን ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የሃይማኖት ክርክሩን ባያውቅ እንኳ የት መቆም እንዳለበት ግራ መጋባቱ አይቀርም፤ የለመደው መጋረጃ የለምና።

የመርጡለ ማርያም ዳግም ግንባታ

በጎጃም የሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የካቶሊክ እምነት ዋነኛ ደጋፊ ነበሩ። በእርሳቸው ጥላ ሥር ሚሲዮናውያን በጎጃም በተለያዩ ቦታዎች ተቀመጡ። ጣሊያናዊው ካህን ብሩኖ ብሩኒ ከ1620ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመርጡለ ማርያም የእሌኒን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ እንደገና የማስነሣት ሥራ መራ።

በጎርጎራና በመርጡለ ማርያም መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በጎርጎራ ሁሉም ነገር አዲስ ነበር፤ ድንጋዩ ለዚያው ሕንጻ ተጠረበ። በመርጡለ ማርያም ግን አዲሱ ሕንጻ በአሮጌው መካከል፣ ከአሮጌው ድንጋይ ተሠራ። የካቶሊኩ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክሷን ንግሥት ጌጥ ለብሶ ቆመ። ይህ ድንጋይን ለመቆጠብ ብቻ የተደረገ አይመስልም። ሚሲዮናውያኑ የእሌኒን ስም ከፖርቱጋል ጋር ወዳጅነት ከፈጠረች ንግሥት ጋር ያያይዙት ነበር፤ ደብዳቤና መልእክተኛ ወደ ሊዝበን የላኩት እርሳቸው ናቸውና። በእርሳቸው ፍርስራሽ ላይ መገንባት አዲሱን እምነት የቆየ ውል ፍጻሜ አስመስሎ ለማቅረብ የሚያመች ነበር።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1842 ቦታውን ጎብኝቶ በ1847 ያሳተመው መግለጫ በፍርስራሹ ላይ ከወጡት ቀደምት ዝርዝር ጽሑፎች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ አጥኚዎችን ያከራከረው ጥያቄ የትኛው ጥርብ የእሌኒ፣ የትኛው የብሩኒ ነው የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የጌጡ ዓይነት ብቻውን በቂ መልስ አይሰጥም። ጠቃሚ የሚሆነው የድንጋዩን አቀማመጥ ማየት ነው። ሐረጉ ሳይቋረጥ የሚቀጥልበት ረድፍ በመጀመሪያ ቦታው የቆመ ሊሆን ይችላል፤ ቅርጹ ተቆርጦ ከማይገጥመው ድንጋይ ጋር የተቀመጠበት ረድፍ ግን ድንጋዩ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የገባ መሆኑን ይጠቁማል። ማያያዣውን ከየረድፉ ወስዶ መመርመርም የንባቡ ሌላው ክፍል ነው።

1632፦ ምን ተጣለ፣ ምን ቀረ

በሰኔ 1632 ሱስንዮስ ከላስታ ዐማፅያን ጋር ከተደረገው ደም አፋሳሽ ውጊያ በኋላ የቀድሞውን የእስክንድርያ እምነት መለሱ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። በዚያው ዓመት ዐርፈው በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን በመጀመሪያ ወደ ፍሬሞና፣ ቀጥሎም ከአገር አስወጡ። በስውር ከቀሩት አንዱ ብሩኒ ሲሆን በ1640 ተሰቅሎ ተገደለ። የመርጡለ ማርያምን ግንብ ያስነሣው ሰው ፍጻሜ ይህ ነበር።

የሕንጻዎቹ ዕጣ ግን ከሰዎቹ ይለያል። በጎርጎራ ግንቡ በማርያም ስም ሲጠራ ቀረ፤ ስሙ ራሱ የአካባቢው ሕዝብ ቦታውን ወደ ራሱ የቅድስና ካርታ እንደመለሰው ያመለክታል። በመርጡለ ማርያምም የገዳሟ ሕይወት ቀጠለ፤ ፍርስራሹ በግቢው ውስጥ የታሪኳ አካል ሆኖ ቆየ። በሁለቱም ቦታዎች ያልቀጠለው ንድፉ ነው። ከ1632 በኋላ በጎንደር የነገሡት ነገሥታት እጅግ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ፤ መሠዊያው ከበሩ የሚታይበት አንድ አዳራሽ ግን የጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት መለያ አልሆነም። ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ በየቦታቸው ተመለሱ።

ኖራው ግን አልተመለሰም። ፋሲለደስ በ1636 በከተሙባት ጎንደር የተሠራው ግንብ በኖራ የተያያዘ ነው። ከስማቸው ጋር የሚያያዘው፣ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረው ሰባራ ድልድይም የዚሁ ጥበብ ውጤት ነው። እምነቱን ያስወጡት ንጉሥ በጥበቡ ተጠቀሙ። ይህን እንደ ተቃርኖ ማየት አይገባም። የዘመኑ ቤተ መንግሥት በሃይማኖትና በጥበብ መካከል የለየ ይመስላል፤ ኖራው ከጉጃራት የመጣ፣ በአገር ድንጋይ የተሠራ፣ በአገር ሰው እጅ የገባ ስለነበረ የሮማ ምልክት ተደርጎ አልተቆጠረም። ግንበኞቹም ከሚሲዮናውያኑ ጋር አልተሰደዱም።

የኖራው ማስረጃ ወሰን

የኖራው ትረካ ለሕንጻዎች ዘመን ለመስጠት መሣሪያ ይሆናል፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይሻል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በእንፍራንዝ አቅራቢያ ያለው የጉዛራ ግንብ ነው። በተለምዶ ከዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ጋር ይያያዛል። ግንቡ በኖራ የተሠራ ነው። አልሜይዳ እንደሚለው ኖራ በ1621 አካባቢ ከተገኘ ከሁለት አንዱ መሻሻል አለበት፤ ወይ ግንቡ ከሠርፀ ድንግል በኋላ የተሠራ ወይም የታደሰ ነው፣ ወይም ኖራ ከ1621 በፊትም በተወሰነ ደረጃ ይታወቅ ነበር። አጥኚዎች በሁለቱም በኩል ተሰልፈዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የሚሲዮናውያኑ ጽሑፎች የራሳቸውን ማኅበር ድርሻ ለማጉላት የተጻፉ ስለሆኑ ተገኘ የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀ ከሚለው ጋር አንድ አይደለም። የህንዱ ሰው ያደረገው የጠፋውን ማስታወስ፣ ወይም በትንሹ የነበረውን ማስፋት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ኖራ ያለበት ሁሉ ከ1621 በኋላ ነው የሚለው ድምዳሜ በራሱ ማስረጃ ሳይሆን በሌላ ማስረጃ መደገፍ ያለበት መላ ምት ነው። ይህ በተለይ ለመርጡለ ማርያም ይሠራል፤ የእሌኒ ዘመን ኢትዮጵያ ከግብፅና ከቀይ ባሕር ዓለም ጋር የጠበቀ ግንኙነት ነበራትና።

ማጠቃለያ

በጎርጎራና በመርጡለ ማርያም የሚታዩት ፍርስራሾች የአንድ ሰው ሐውልቶች አይደሉም። የመጀመሪያው ደረጃ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ሥራ ሲሆን የፓኤዝ ስም የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው። ሁለተኛው ከ1621 በኋላ የመጣው የህንድ ኖራ ነው። ሦስተኛው በ1626 እና በ1632 መካከል የደረሰው የካቶሊክ ንድፍ ነው። በሦስቱም ደረጃዎች የአገሬው ሠራተኛ አለ፤ በመርጡለ ማርያም ደግሞ ከእርሱ በፊት የነበሩት ጠራቢዎች ሥራ ጭምር አለ። የንድፉ ዕድሜ ስድስት ዓመት ነበር፤ የኖራው ዕድሜ ግን ምዕተ ዓመታትን ተሻግሯል።

ይህ ልዩነት ለዛሬው የቅርስ ጥበቃም ቀጥተኛ ፋይዳ አለው። የኖራ ግንብ ይተነፍሳል፤ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። በሲሚንቶ ሲጠገን እርጥበቱ በውስጡ ይታፈናል፤ ከጊዜ በኋላም ድንጋዩ ይሰነጠቃል። በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የገባው ሲሚንቶና ኮንክሪት በአብዛኛው ተነሥቶ በኖራ መተካቱ ለዚህ ማሳያ ነው። የማርያም ግንብና የመርጡለ ማርያም ፍርስራሾች ከጎንደር ግንቦች ያነሰ ጎብኚና ያነሰ ጥበቃ አላቸው፤ በየክረምቱ የሚያጡት ድንጋይ ግን ተመልሶ አይገኝም። ለእነርሱ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በየረድፉ የሚደረግ የድንጋይና የማያያዣ ምዝገባ ነው። ምዝገባው ሳይደረግ የሚጀመር ጥገና የእሌኒን ድንጋይ ከብሩኒ፣ ጭቃውንም ከኖራው ለመለየት የሚያስችለውን ማስረጃ በአንድ የሲሚንቶ ልስን ሊሸፍነው ይችላል። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ሙሉ ታሪክ በሚሲዮናውያኑ መጻሕፍት ከተጻፈው ይልቅ በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ባለው ስስ መስመር ውስጥ ይገኛል፤ ያ መስመር ደግሞ አንድ ጊዜ ከተደመሰሰ ዳግመኛ አይነበብም።